ዕቃ ሲጓዝና ሲቆም፦ ስለ ሎጂስቲክስና ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በሜክሲኮና በመርካቶ አካባቢ ሱቅ፣ ማከፋፈያ ወይም አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ለሚያስተዳድሩ፣ እንዲሁም በግዥና በንብረት ክፍል ሥራ ለጀመሩ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ በመሀል አዲስ አበባ በአንድ የንግድ ድርጅት የግዥና የመጋዘን ሥራ ላይ ሳለሁ ከባልደረቦቼና ከደንበኞቻችን ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። መልሶቹን ሳዘጋጅ ዕቃ ከሚጓዝበት ጊዜ ይልቅ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ይበልጥ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ሞክሬአለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚከራከረው በማጓጓዣው ዋጋ ላይ ነው።

ሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ክፍል ነው። ሎጂስቲክስ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትን፣ መጫንና ማራገፍን፣ ከእነዚህም ጋር አብሮ የሚሄደውን ሰነድ ይመለከታል። የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ግን ከጥሬ ዕቃው ምንጭ እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ ድረስ ያሉትን ድርጅቶች ሁሉ፣ በመካከላቸው የሚመላለሰውን ዕቃ፣ ገንዘብና መረጃ አንድ ላይ አይቶ ማቀድ ነው። አጠራሩ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1982 ኪት ኦሊቨር የተባለ የሥራ አመራር አማካሪ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው። ሎጂስቲክስ የሚለው ቃል ግን ወደ ንግዱ የመጣው ከጦር ሠራዊት ሲሆን፣ የአገራችን ሠራዊት ያንኑ ሥራ "ስንቅና ትጥቅ" ይለው ነበር። በንግዱም በኩል የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ ከኬላ ኬላ ሲያልፍ፣ የት እንደሚያድር፣ ቀረጡን የት እንደሚከፍልና ጨው ወይም ቡና የት ቢያደርስ እንደሚያዋጣው አስቀድሞ ያሰላ ነበር፤ የነጋዴዎቹ አለቃና የቀረጥ ኃላፊ የነበረው ነጋድራስም ዛሬ ለጉምሩክና ለንግድ ቢሮ የተከፋፈለውን ሥራ ጠቅልሎ ይዞ ነበር።

በአንድ ተራ ዕቃ ምሳሌ ሊታይ ይችላል?

በቸርችል ጎዳና ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአንዱ የተደረደረ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንውሰድ። አንዱ ካርቶን 5 ደስጣ፣ አንዱ ደስጣ ደግሞ 500 ቅጠል ይይዛል፤ ወረቀቱ ባለ 80 ግራም ከሆነ ካርቶኑ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ይህ ካርቶን ከወረቀት ፋብሪካው ወጥቶ ኮንቴይነር ውስጥ ተጭኗል፤ በመርከብ ጅቡቲ ደርሷል፤ በተሳቢ ወይም በባቡር ወደ ደረቅ ወደብ (ከባሕር ርቆ አገር ውስጥ ወዳለ የኮንቴይነር ማራገፊያ) ገብቷል፤ ጉምሩክን አልፎ መርካቶ ካለ ጅምላ አከፋፋይ መጋዘን ተራግፏል፤ ከዚያም በአይሱዙ ተጭኖ ወደ መደብሩ መጥቷል። በየደረጃው አንድ ሰው ተሸክሞታል፣ አንድ ሰው ቆጥሮታል፣ አንድ ሰው ፈርሞበታል።

በእውነት በመንቀሳቀስ ያሳለፋቸው ቀናት ቢደመሩ ከጠቅላላው ጊዜ ትንሹ ክፍል ናቸው። የቀረውን ያሳለፈው የውጭ ምንዛሪ፣ የመርከብ ቦታ፣ የጉምሩክ ፍተሻ፣ ባዶ የጭነት መኪና ወይም ገዥ እየጠበቀ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የባለቤቱ ገንዘብ በወረቀቱ ውስጥ ታስሯል፤ ወረቀቱም ይጎዳል። ከሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ ርብራብ የተቀመጠ ካርቶን ከሥሩ እርጥበት ይስባል፣ ጥጉ ይጨፈለቃል፣ በውስጡ ያለው ደስጣ ጫፉ ወደ ላይ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለው ወረቀት በፎቶ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ እየተጣጠፈ ሲያስቸግር ደንበኛው የሚወቅሰው ፋብሪካውን ነው፤ ጥፋቱ ግን የመጋዘኑ ነው።

ዕቃ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው በምን ዓይነት አሠራር ነው?

እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተቀስቅሶ በአሰብ ወደብ መጠቀም ከቀረ በኋላ፣ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሆኗል። አስመጪው የሚያጋጥሙት አሠራሮች በዋናነት ሁለት ናቸው። በዩኒሞዳል የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የወደብ ሥርዓት፣ የትራንዚት ሰነድና የየብስ ማጓጓዣ አስመጪው በራሱ ወይም በትራንዚተሩ (በወደብና በጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) በኩል ያስፈጽማል። በመልቲሞዳል ደግሞ አንድ አጓጓዥ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ዕቃውን ከመነሻው ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በኃላፊነት ያደርሳል። ከደረቅ ወደቦቹ ዋነኛው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሞጆ ነው። ይህን አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ብቻውን የያዘው፣ በ2004 ዓ.ም. የመርከብ፣ የትራንዚትና የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ተዋህደው የመሠረቱት የመንግሥት ድርጅት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የግል ድርጅቶችም ፈቃድ አግኝተዋል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ በኮንቴይነር ለሚያስመጣና ጅቡቲ ላይ ሰው ለሌለው አነስተኛ አስመጪ መልቲሞዳል ራስ ምታት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አስመጪው ጭነቱን ለማፋጠን ያለው ሥልጣን ያንሳል፤ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ተራውን ሲጠብቅ ከመደወል በቀር ብዙ የሚያደርገው የለም።

ባቡሩስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለኮንቴይነርና ለብትን ጭነት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው መሀል ከተማ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ጭነቱን የሚያራግፈው እዚሁ ለገሃር ነበር፤ የሰፈሩ ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የአዲሱ መስመር የጭነት ጣቢያ ግን በከተማዋ ዳርቻ፣ በእንዶዴ ስለሆነ የመጨረሻው ጉዞ ያለ ጭነት መኪና አይሆንም፤ የባቡሩን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይህንንም ይጨምር።

ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?

መሠረታዊዎቹ የዋጋ ደረሰኙ ወይም ኮሜርሻል ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ለመረከቡ የሚሰጠው ሰነድ)፣ የስሪት አገር ማረጋገጫውና የመድን ሰነዱ ናቸው፤ እንደ ዕቃው ዓይነትም የጥራት ወይም የሚመለከተው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጨመራል። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) ያዘጋጃል፤ ጉምሩክም በሥጋት ደረጃው መሠረት ዕቃውን በአረንጓዴ፣ በቢጫ ወይም በቀይ መስመር ያስተናግደዋል። ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው የውጭ አቅራቢያችን በኢንቮይሱ ላይ 480 ካርቶን ብሎ፣ በፓኪንግ ሊስቱ ላይ 408 ብሎ ላከልን። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሌላ ጥፋት አልነበረም፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ የነበረውም በትክክል 480 ነበር። ሆኖም የተስተካከለ ሰነድ ተጽፎ፣ ተፈርሞና በባንክ በኩል ተልኮ እስኪደርስ ዕቃው ደረቅ ወደብ ውስጥ 11 ቀን ቆመ፤ ለእያንዳንዱም ቀን ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ረቂቁ በኢሜይል እንዲላክልን እናደርጋለን፤ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው እያመሳከረ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ የኮንቴይነሩን መለያና የድርጅቱን ስም እናረጋግጣለን። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው።

ኤፍ ኦ ቢ፣ ሲ ኤፍ አር፣ ሲ አይ ኤፍ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ሻጭና ገዥ ወጪና አደጋን የሚከፋፈሉባቸው የንግድ ውሎች ሲሆኑ፣ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያወጣቸዋል፤ የ2020ው እትም 11 ውሎች አሉት። በኤፍ ኦ ቢ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ይከፍላል፤ በሲ ኤፍ አር የባሕር ማጓጓዣውን ይጨምራል፤ በሲ አይ ኤፍ መድኑንም ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጪና አደጋ አብረው የሚተላለፉ እየመሰለው ነው። በሦስቱም ውሎች የዕቃው አደጋ ወደ ገዥው የሚተላለፈው ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ እንደተጫነ ነው፤ ሻጩ እስከ ጅቡቲ ማጓጓዣ ከፈለ ማለት እስከ ጅቡቲ ኃላፊ ነው ማለት አይደለም። ሌላው፣ በእኛ አገር ቀረጥ የሚሰላው የባሕር ማጓጓዣውንና መድኑን በጨመረ ዋጋ ላይ በመሆኑ የመርከብ ኪራይ ሲወደድ ቀረጡም አብሮ ይወደዳል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በተፈጸመው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ ሲገደዱና ኪራይ ሲንር፣ ጭማሪው አስመጪውን በሁለት በኩል ነበር የነካው።

ዴመሬጅ የሚባለው ቅጣት ከየት ይመጣል?

በተለምዶ ዴመሬጅ የምንለው ሦስት የተለያዩ ክፍያዎችን ነው። የመጀመሪያው ኮንቴይነሩ ከተፈቀደው ነጻ ቀን በላይ ወደቡ ውስጥ ሲቆይ ለኮንቴይነሩ ባለቤት የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር የሚከፈል ነው። ሦስተኛው ኮንቴይነሩ ለተቀመጠበት ቦታ ለወደቡ የሚከፈል የማከማቻ ኪራይ ነው። ክፍያ ሲጠየቁ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ጊዜ ለአንዱ ቀን ሁለቴ ይቆጠራል።

ምን ያህል ዕቃ ልያዝ? መቼስ ልዘዝ?

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያድነው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ መደብር በቀን በአማካይ 6 ካርቶን ወረቀት ይሸጣል እንበል፤ ከመርካቶ አዝዞ እስኪደርሰው በአማካይ 4 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ዕቃው እስኪመጣ 24 ካርቶን ይሸጣል ማለት ነው። 24 ሲቀረው ቢያዝዝ ሁሉም በአማካዩ ከሄደ ያብቃቃዋል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በቀን 9 ሊሸጥ፣ አከፋፋዩም 7 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልገው 63 ነው። በ63ና በ24 መካከል ያለው የ39 ካርቶን ልዩነት መጠባበቂያ ክምችት ይባላል። እንግዲህ መደብሩ መደርደሪያው ላይ 63 ሲቀር ማዘዝ አለበት፤ ይህ ቁጥር የማዘዣ መነሻ ይባላል። ልብ ይበሉ፤ መጠባበቂያውን ያበዛው በአብዛኛው የአከፋፋዩ አለመረጋጋት ነው። ሁልጊዜ በ4 ቀን የሚያደርስ አከፋፋይ ቢኖር መነሻው ወደ 36 ይወርዳል፤ ስለዚህ በካርቶን ጥቂት ብር አስወድዶ በቀኑ የሚያደርስ ሰው፣ ርካሽ ሆኖ "ነገ" ከሚል ሰው ሊሻል ይችላል።

በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይታዘዝ ለሚለው ደግሞ ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል። የዓመቱን ሽያጭ በአንድ ትዕዛዝ ወጪ አባዝተው፣ እንደገና በ2 አባዝተው፣ አንዱን ካርቶን ዓመት ሙሉ ለማቆየት ለሚወጣው ወጪ ያካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ይወስዳሉ። መደብሩ በዓመት 1,800 ካርቶን የሚሸጥ፣ ለአንድ ትዕዛዝ የመኪናና የጫኝና አውራጅ ወጪው 1,500 ብር፣ አንድ ካርቶን ለማቆየት ኪራዩና የታሰረው ገንዘብ ወለድ 600 ብር ከሆነ፣ መልሱ ወደ 95 ካርቶን ይመጣል፤ ይህም በዓመት 19 ጊዜ ያህል ማዘዝ ነው።

ቀመሩ ዋጋ የተረጋጋ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያስበው። ብር ዋጋው ሲወርድ ዕቃ መያዝ እንደ ቁጠባ ስለሚቆጠር፣ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብዙ ነጋዴ ከቀመሩ በላይ አከማችቷል። ይህን ሞኝነት አልለውም፤ የዛሬውን ካርቶን በሸጠበት ገንዘብ ነገ አንድ ካርቶን የማይገዛ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ነገር ግን የሚያከማች ሰው ሁሉንም በአንድ መጋዘን አያስቀምጥ፤ መድንም ይግባ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ይህን ለመናገር ይበቃል።

ዕቃ ጠፋ ሲባል ይበልጥ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ለቡሄ ጅራፍ ያስጮኸ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ እጀታው ላይ ክንድ ትንሽ ሲወዛወዝ ጫፉ አየሩን ይሰነጥቃል። በአቅርቦት ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ዘይት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ፣ በሳምንት 10 ጄሪካን የሚሸጥ የሰፈር ሱቅ 15 ያዝዛል። ከእንዲህ ያሉ ብዙ ሱቆች ትዕዛዝ የደረሰው አከፋፋይ ፍላጎቱ ከዚህም በላይ የሚያድግ መስሎት በእጥፍ ያዝዛል፤ አስመጪው ደግሞ የአከፋፋዮቹን ድምር አይቶ ሦስት እጥፍ። ቤት ውስጥ የሚበላው ዘይት ግን አልጨመረም። ከወራት በኋላ ዕቃው በአንድ ላይ ሲገባ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ሁሉም ማዘዝ ያቆማል፤ ከዚያም እንደገና ይጠፋል።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር የነበረው ጄይ ፎሬስተር ይህን ማዕበል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አሳይቶታል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያም የሕፃናት ዳይፐር ትዕዛዝ ሲዋዥቅ አይቶ ተገርሟል፤ ሕፃናቱ የሚጠቀሙት በየሳምንቱ እኩል ነበርና። ማዕበሉን የሚያበርደው የሽያጩን እውነተኛ ቁጥር መለዋወጥ ነው። አከፋፋይ ከሆኑ ሱቁን ስንት እንደሚፈልግ ብቻ አይጠይቁ፤ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደሸጠና አሁን ስንት እንደቀረው ይጠይቁ። በመርካቶ ይህን ለመናገር የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ የዓመታት ትውውቅ ይፈልጋል።

በመጋዘን ውስጥ ቢያንስ ምን መሟላት አለበት?

ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢን ካርድ (የገባውና የወጣው መጠን የሚመዘገብበት ካርድ)፣ ከወለል የሚያነሳው ርብራብ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርግ አደራደር፤ የመጠቀሚያ ጊዜ ላለው ዕቃ ደግሞ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ። አዲስ የመጣውን ከፊት ማስቀመጥ ለጫኝና አውራጁ ይቀለዋል፤ አሮጌው ከግድግዳው ጥግ የሚቀረው በዚህ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ተቆጥሮ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥልዎ ግቢውን አይልቀቁ፤ ያለ እርሱ የሒሳብ ክፍሉ ክፍያ አይፈጽምም። ሞዴል 22 የመሥሪያ ቤቱ የራሱ የወጪ ሰነድ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም።

መሀል ከተማ ዕቃ ማድረስ ለምን ይወደዳል?

ከሞጆ አዲስ አበባ መግቢያ ድረስ ተሳቢው በአንድ ጉዞ የሚያመጣው ጭነት፣ ከመርካቶ ፒያሳ ለመድረስ በብዙ ትንንሽ ጉዞዎች ይከፋፈላል። ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ ስላለባቸው ማራገፉ ሌሊት ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ መጋዘን የሚከፍት ሰው፣ ጥበቃና ጫኝና አውራጅ ያስፈልጋል። በቀን በአይሱዙ ወይም በፒክአፕ ቢመጣም መኪናው የሚቆምበት ቦታ እስኪያገኝ ሲዞር ይውላል።

የማከፋፈያ ቦታ ሲዛወርም ዋጋው ይለወጣል። አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ፒያሳ ነበር፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ከዚያ በፊት የፒያሳ ምግብ ቤት ቲማቲሙን በሳጥን አሸክሞ በእግር ያስመጣ ነበር፤ ዛሬ መኪና ይከራያል፣ ስለሚከራይም ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይገዛል፣ ከሥር ያለውም ይበሰብሳል። ጎረቤት የሆኑ ሦስትና አራት ቤቶች በጋራ አንድ መኪና ቢይዙ ወጪውም ብልሽቱም ይቀንሳል።

ተመላሽ ሎጂስቲክስ የሚባለውስ?

ዕቃ ከተጠቃሚው ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ የተበላሸ፣ የተመለሰ፣ ያገለገለና ማሸጊያው ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። አዲስ አበባ ይህን ያለ መማሪያ መጽሐፍ የምታውቅ ከተማ ናት። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጄሪካን ይሰበስባል፤ የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ደርሶ ተለይቶ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደገና ዕቃ ይሆናል። መደብርዎ ባዶ ካርቶን የሚጥል ከሆነ ሳይቀደድ አጥፈው ያስቀምጡት፤ ደረቁ ካርቶን ገዥ አለው።

ለዚህ ሁሉ ሶፍትዌር መግዛት አለብኝ?

የዕቃዎ ዓይነት ከመቶ ካልበለጠ አያስፈልግዎትም። ኤክሴል ላይ አምስት ዓምድ ይክፈቱ፦ የዕቃው ስም፣ የቀረው መጠን፣ የቀን አማካይ ሽያጭ፣ ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ የሚወስደው ቀን፣ የማዘዣ መነሻው። በየቅዳሜው ከመደርደሪያው አሥር ዕቃ መርጠው ይቁጠሩና ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ሲገኝ መዝገቡን ከማስተካከልዎ በፊት ዕቃው የት እንደሄደ ይጠይቁ።